በመስኮቱ ሥር የተቀመጠችው ልጅ

የዚያችን አሮጌ ከተማ ሙዚየሞች ዞሮ ያየ ሰው፣ ሳያውቀው የአንድ ሰፈር ሕዝብ ተዋውቆ ነው የሚመለሰው። ኮረብታው ላይ ባለው ትልቁ ሙዚየም፣ በር እንደገቡ ጦር ይዞ የሚያፈጥጠው ዘበኛ የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ነው። በችሎት አዳራሹ ጺሙን ጨብጦ የሚያዳምጠው ዳኛ ጡረታ የወጣ ትኬት ቆራጭ ነው፤ የሰው ነገር እስከ መጨረሻው ሰምቶ እንደማያውቅ ጎረቤት ሁሉ ይመሰክርበታል። ከግንቡ ሥር ባለው የድሮ እስር ቤት ደግሞ እግሩ በግንድ የተጠረቀመ ሌባ አለ። እሱ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ዛሬም ድረስ እንዳኮረፈ ነው።

እነዚህን ሁሉ የሠራቸው አንድ ሰው ነው። ክረምት ከበጋ ቅንድቡ ላይ ነጭ ዱቄት ስለማይጠፋ ሰፈሩ «ጀሶ» ይለዋል፤ ሚስቱ ሳትቀር ጀሶ ብላ ነው የምትጠራው። ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት «ሰው እሠራለሁ» ይላል። እውነቱን ነው። ለሙዚየሞች በቁመት ሰው የሚያህሉ የጀሶ ሰዎችን ይሠራል፤ ሚስቱ ሰፊዋ ደግሞ የየዘመናቸውን ልብስ ሰፍታ ታለብሳቸዋለች። «እኔ እፈጥራለሁ፣ እሷ ከሐፍረት ታድናለች» እያለ ይቀልዳል።

ያ ያኮረፈው ሹፌር የሰፊዋ ወንድም ነው። ልጆቹ በትምህርት ቤት ጉብኝት እስር ቤቱን ሊያዩ ሄደው፣ ግንድ ላይ ያለውን ሰውዬ ሲያዩ «አባዬ!» ብለው ጮኹ አሉ። የዚያን ዕለት ማታ አማቹ ቤት መጣ።

«ከሰው ሁሉ መርጠህ እኔን ሌባ ታደርገኛለህ?»

«የቀረው ቦታ እሱ ብቻ ነበር።»

«ንጉሡስ? ንጉሡን አላደርግም ነበር?»

«የንጉሡ ጆሮ ትንሽ ነው። ያንተ ጆሮ በር ይዘጋል።»

«ልጆቼ ፊት አዋረድከኝ እኮ ጀሶ።»

«ልጆችህ በጨለማ ክፍል ውስጥ ለይተው አወቁህ። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም፤ እግዜር ይስጥልኝ በላቸው።»

የሰው ፊት በጀሶ እንዴት እንደሚወጣ ማየት የሚያስደስት ነገር ነው፤ አሠራሩ ቀላል ሆኖ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሰውየው የእንጨት አግዳሚ ላይ በጀርባው ይተኛል። ፀጉሩ በጨርቅ ይጠቀለላል። ከዚያ ፊቱ በሙሉ ቫዝሊን ይቀባል፤ ቅንድብና ሽፋሽፍት ሲሆን ደግሞ ድርብ ይቀባል። የሥራው ግማሽ እዚህ ላይ ነው። ቅባት ያልደረሰበትን ቦታ ጀሶ ይይዘዋል፣ የያዘውን ደግሞ አይለቅም። ፊቱ ከተቀባ በኋላ በሁለቱ የአፍንጫ ቀዳዳዎች ለመተንፈሻ ሁለት ስትሮ ይገባል። ቀጥሎ ጀሶው ይበጠበጣል። ውኃ ጀሶ ላይ ከፈሰሰ ይጓጉላል፤ ስለዚህ ምንጊዜም ጀሶው ነው ውኃው ውስጥ የሚነሰነሰው። እርጎ ሲመስል አንሥቶ ፊት ላይ መለሰን ነው፤ ጀሶ ከተበጠበጠ በኋላ ማንንም አይጠብቅም፣ ስልክ ቢጮህ፣ ሰው ቢመጣ፣ ቤት ቢቃጠል እጅ ላይ ይደርቃል።

የተኛውን ሰው ሁሌም የሚያስገርመው ሙቀቱ ነው። ጀሶ ሲደርቅ ይሞቃል፤ ፊት ላይ የሰው መዳፍ የተቀመጠ ይመስላል። ያን ጊዜ መሳቅ ክልክል ነው። የደረቀው ቅርፊት በቀስታ ይነሣና ውስጡ ተቀብቶ፣ ቃጫ የተቀላቀለበት ሌላ ጀሶ ይሞላል። በመጨረሻ ቅርፊቱ በመሮ እየተሸረፈ ይወድቃል፣ ከሥሩ ፊቱ ይወጣል። ቅርፊቱ ስለሚሰበር ሁለተኛ ፊት አይወልድም።

የሚወጣው ፊት ዐይኑ የተጨፈነ ነው። ዐይን ከፍቶ ጀሶ የሚለሰን ሰው የለምና። ፀጉር አስተካካዩ ይህን ሲያይ «ውይ፣ ሞቻለሁ እንዴ?» ብሎ ነበር። ጀሶም «ቆይ፣ አሁን አስነሣሃለሁ» አለና በትንሿ ቢላዋው ዐይኖቹን ፈልፍሎ ከፈታቸው።

ጀሶና ሰፊዋ አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። ከወፍ ጋር ተነሥታ ከወፍ የባሰ ስለምትንጫጫ አባቷ ድንቢጥ አላት፤ ስሟ ሆኖ ቀረ። ምግብ አፏ ውስጥ እያለ ታወራለች፣ ጥርሷን እየቦረሸች ታወራለች፣ በእንቅልፏም ጭምር ታወራለች። ዝም የምትለው ጀሶ ሥር ስትሆን ብቻ ነበር። «ቤታችን ሰላም ያጣ እንደሆነ ልጅቷን ለስናት» ትል ነበር እናቷ።

እንደዚያ ዝም ብላ የምትተኛ ሰው ማግኘት ቀላል ስላልሆነ አባቷ ደጋግሞ ተጠቀመባት። ገና ተማሪ እያለች እግሮቿን አወጣ፤ እነሱ ከወንዙ ማዶ ባለው የውኃ ቤት ሙዚየም እንስራ የተሸከመች ሴት ቆማባቸዋለች። ቀጥሎ እጆቿን አወጣ። እነሱ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የሸክላ ሙዚየም ጭቃ የምታድበለብል አንዲት አሮጊት ላይ ተገጠሙ። ድንቢጥ ይህን ስታይ ሳቋ ግድግዳ አናጋ።

«አባዬ፣ አሮጊት አደረግከኝ አይደል?»

«እጅ ነው ያደረግኩሽ። አሮጊቷ ከአንገት በላይ ናት።»

«አሁን እግሬ ወንዝ ማዶ፣ እጄ ገጠር። ባል የሚሆነኝ ሰው ሽማግሌ የሚልከው ወደየትኛው ሙዚየም ነው?»

ፊቷ የወጣው ኮሌጅ በገባችበት ዓመት ነው። ከገበያው ጀርባ ያለው የድሮ ነጋዴ ቤት ሙዚየም ሊሆን ታድሶ ነበርና፣ ለፎቁ ክፍል በመስኮቱ ሥር ተቀምጣ መርፌ ላይ ክር የምትሰካ ወጣት ተፈለገች። ጀሶ በዚያች ልጅ ላይ ያላዋለው ጥበብ አልነበረም። የሌሎቹን ሰዎች ራስ ለብቻ ሠርቶ በእንጨት አንገታቸው ላይ ይተክላል፤ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው አንገታቸው ላይ ቀለበት የመሰለ መጋጠሚያ ያያል። ይህችኛዋን ግን ከደረት እስከ ግንባር አንድ ወጥ አደረጋት። ወደ መርፌው ጎንበስ ስትል የአንገቷ ጅማት ሳይቋረጥ ይወርዳል። ከቅንድቧ በላይ፣ በልጅነቷ ከደረጃ ወድቃ ያተረፈቻት ጠባሳ እንኳን አልቀረችም። እጆቿ ብቻ የእሷ አይደሉም። ድንቢጥ መርፌ መያዝ አታውቅበትም ነበርና እናቷ አግዳሚው ላይ እጇን ዘርግታ ሰጠች። ልብሱንም ሰፍታ አለበሰቻት። በመስኮቱ ሥር የተቀመጠችው ልጅ እንግዲህ የሴት ልጅ ፊትና የእናት እጅ ይዛ ነው የተቀመጠችው።

የዚያን ዓመት ዝናብ ሳያባራ ድንቢጥን ትኩሳት ያዛት። ሆስፒታል ገባች፤ በእግሯ አልወጣችም።

ከዚያ በኋላ ጀሶ ነጋዴው ቤት ድርሽ አላለም። ሰፊዋ ግን ሐሙስ ሐሙስ ትሄዳለች። ልብሶቹን የሰፋች እሷ ስለሆነች ከገመዱ አልፋ መግባት ይፈቀድላታል፤ ለስላሳ ብሩሽ ይዛ የቀሚሱን አቧራ ታራግፋለች፣ የዘመመ አንገትጌ ታቃናለች። ሥራው በትንሽ ጊዜ ያልቃል፤ እሷ ግን እስኪዘጋ አትወጣም። ጥበቃው፣ ሰፈር ሁሉ ጋሼ የሚለው ሽማግሌ፣ የራሱን ወንበር አምጥቶ ያስቀምጥላታል። በሌሎቹ ቀናት አልፎ አልፎ አውቶቡስ ተሳፍራ እግሮቹንና እጆቹን ልታይ ትሄዳለች። ለጎረቤት ስትናገር «ሙዚየም ልሄድ ነው» አትልም። «ልጠይቃት ልሄድ ነው» ነው የምትለው።

«አንተስ? አትናፍቅህም?» አለችው አንድ ቀን።

«ስህተቴን ነው የማየው።»

«ምን ስህተት አላት እሷ?»

«ተኝታ ነው ያወጣኋት። ሰው ሲተኛ ጉንጩ ወደ ጆሮው ይሸሻል፤ ሲቀመጥ ይመለሳል። መልሼ መሙላት ነበረብኝ። የተቀመጠችው ልጅ ጉንጭ የተኛች ልጅ ጉንጭ ነው።»

 «ፈሪ ነህ» አለችው ሰፊዋ።

ነጋዴው ቤት አዲስ ኃላፊ ሲመጣ ነገር ተለወጠ። ኃላፊዋ ወጣት ናት፤ ትሑት ናት፤ ሥራዋን ትወዳለች። ጀሶን ቢሮዋ ጠርታ አስቀመጠችውና ያሰበችውን በትዕግሥት አስረዳችው። ጎብኚ ሁሉ የሚያየው ፊት ብቻ ነው፤ ከፊቱ ጋር ፎቶ ተነሥቶ ይሄዳል፤ ያንን የመሰለ ልብስ፣ ጥልፍና ስፌት ዘወር ብሎ የሚያየው የለም። ደግሞስ የዚያ ዘመን ሰዎች ምን እንደሚመስሉ ማን ያውቃል? ስለዚህ በቤቱ ያሉት የአራቱም የጀሶ ሰዎች ፊት እንዲለሰልስ፣ ዐይንና አፍንጫ የሌለው እንቁላል እንዲሆን ትፈልጋለች፤ አሁን በብዙ ሙዚየም የሚሠራው እንደዚያ ነው።

ጀሶ ሐሳቡ መጥፎ እንዳልሆነ ገባው። እንዲያውም ለሰፊዋ ሥራ የተደረገ ክብር ነበር።

«ችግር ይኖረዋል?» አለች ኃላፊዋ።

«የለውም» አለ ጀሶ።

ለምን እንዲያ አለ? አዲሲቱ ኃላፊ የማን ፊት የት እንዳለ አታውቅም። «አንደኛዋ ልጄ ናት» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ግን ጀሶ ዕድሜውን ሙሉ ሥራ ቦታ የቤቱን ጉዳይ አንሥቶ አያውቅም።

አራቱ ሰዎች ብርድ ልብስ ተጠቅልለው በፒክአፕ ወደ ሥራ ቤቱ መጡ። ነጋዴውን፣ ሚስቱንና ወጥ ቤቷን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ አለሰለሳቸው። ልጅቷን ግድግዳው ጥግ አስቀምጦ በአንሶላ ሸፈናት። ለሰፊዋ ሐሙስ ሳይደርስ እነግራታለሁ አለ። ነገ፣ ነገ ሲል ሐሙስ ደረሰ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሥራ ቤቱ በር ሲከፈት ጀሶ ማን እንደሆነች ቀና ሳይል አወቀ።

«መስኮቱ ሥር ማንም የለም» አለች ሰፊዋ። ብሩሿ እጇ ላይ ነው። «ጋሼን የት ሄደች ብለው፣ ባልሽ ጋ ናት፣ አልነገረሽም እንዴ አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? እኔም ገና ከእርስዎ ሰማሁ ልበል?»

«ልነግርሽ ነበር።»

«መቼ? እንደ ድንጋይ ካለሰለስካት በኋላ?» ፊት የሌላቸውን ሦስቱን አየቻቸው። ከዚያ ወደ አንሶላው ሄደች፤ አልገለጠችውም፣ ዳሰሰችው ብቻ። «ልጅህ ናት አላልካትም ለሴትዮዋ?»

«አላልኩም።»

«ለምን?»

 ሰፊዋ መልሱን ሳትጠብቅ፣ ነገ ጠዋት ሁለቱም አብረው ሄደው ኃላፊዋን እንዲለምኑ ወሰነች፤ ሴት ናት፣ ትሰማናለች አለች። ጀሶ ተስማማ። ግን እምቢ ብትልስ? ለአዲሱ ትርዒት መክፈቻ የተጠሩት እንግዶች ሊመጡ ነው፤ ዕቃው የሙዚየሙ ነው። ይህን ሲያስብ አንድ መላ መጣለት፣ ዐይኑም በራ።

«ስሚኝማ። ሳንሄድ በፊት ቅርፊት ላውጣባት።»

«ምን ማለት ነው?»

«ልክ እንደ ሰው ቀብቼ እለስናታለሁ። ቅርፊቱ እኛ ዘንድ ይቀራል። እሺ ካለች እሰየው፣ ልጅቷ ወደ መስኮቷ ትመለሳለች። እምቢ ካለች ሌላ ፊት ከቅርፊቱ አወጣለሁ፣ ቤታችን ትሆናለች። ጉንጯንም አስተካክለዋለሁ።»

«አይጎዳትም?»

«ጥንቃቄ ነው እንጂ። ቅባት ካለ ምንም አይነካትም።»

ሰፊዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ልጃቸው ከሞተች ወዲህ አንድ ሥራ አብረው ሲሠሩ የመጀመሪያቸው ነበር።

ጀሶ አንሶላውን ገለጠ። ልጅቷን አግዳሚው ላይ በጀርባዋ አስተኛት፤ ጎንበስ ብላ የተሠራች ስለሆነች አንገቷ ሥር ጨርቅ ጠቅልሎ ደገፈላት። ከዚያ ቫዝሊኑን በሁለት ጣቱ እየዛቀ ቀባት፤ ግንባሯን፣ ያቺን ጠባሳ፣ ጉንጮቿን፣ አፍንጫዋን፣ የከንፈሮቿን ጠርዝ። ድሮ ሲሠራ እንደሚያደርገው በብርሃን በኩል ጎንበስ ብሎ አየ። ፊቷ ከጥግ እስከ ጥግ ያበራል። ይህ በሥራው ሕግ «ለስን» ማለት ነው። ጀሶውን ሊበጠብጥ ወደ ጓዳ ገባ።

ሰፊዋ ብቻዋን ቀረች። ሐሙስ ነው፣ የጽዳቷ ቀን። ቀና ብላ ስታይ የልጇ ፊት በቅባት ተለውሷል፤ ቅባቱ ላይ ደግሞ የሥራ ቤቱ ነጭ ብናኝ ተለጥፎበታል። ጉንጯና አፍንጫዋ ሥር አድፎ አየችው። አንገቷ ላይ የነበረውን ሻርፕ አወለቀችና፣ ሕፃን ልጅ በልታ ስትጨርስ እንደምትጠረገው፣ ሳታስበው ቀስ አድርጋ ጠረገቻት። አፏን፣ ጉንጮቿን፣ ከዐይኗ ሥር። ሻርፑን አጥፋ አግዳሚው ጫፍ ላይ አስቀመጠችው።

ጀሶ ሳፋውን ታቅፎ ሲመለስ ጀሶው እርጎ መስሏል። በዚህ ሰዓት ማንኛውም ባለሙያ አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ብርሃኑን ያያል፤ እሱም ሊያይ ነበር። ነገር ግን እጁ በልማድ መደርደሪያው ላይ ወዳለው ጣሳ ሄዶ ሁለት ስትሮ አነሣ። አንሥቶም ቆመ። የያዘውን እያየ ቆመ።

ሰፊዋ አየችው። ምን እንደያዘ ገባት።

«አድርግላት» አለች።

«አትተነፍስም እኮ።»

«አድርግላት ጀሶ።»

ስትሮዎቹን አፍንጫዋ ሥር ሊሰካ ሞከረ። የጀሶ ሰው አፍንጫ ቀዳዳ ጥልቀት የለውም፤ ስትሮው ይወድቃል። አንሥቶ መልሶ ሲያስገባ ይወድቃል። ሰፊዋ መጥታ በሁለት ጣቷ ያዘችለት። ሳፋው ውስጥ ጀሶው መወፈር ጀምሯል። ያን ጊዜ ጀሶ ደነገጠና በፍጥነት መለሰን ጀመረ፣ ግንባሯን፣ ዐይኖቿን፣ አፏን፣ ሰፊዋ በያዘቻቸው ስትሮዎች ዙሪያ። ሳያስበው አፉ ለዘመናት ያለውን አለ፦ «እንዳትስቂ። ከሳቅሽ ይሰነጠቃል።»

ሲሞቅ ሰፊዋ መዳፏን ቅርፊቱ ላይ አሳረፈች። እስኪበርድ ድረስ አላነሣችውም።

ቅርፊቱን ሲያነሣው ከግንባሯ በኩል ለስለስ ብሎ ተላቀቀ። ጉንጯ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጀሶ ትንሽ ነቀነቀው። በሙያው ሰዎች ዘንድ ጀሶ ዘመዱን አይለቅም ይባላል፤ አሮጌው ከአዲሱ ያለ ቅባት ከተገናኘ አንድ ሥጋ ይሆናል፣ መሮም አይለየውም። ጀሶ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ስለዚህ እጁ ወዲያው ቆመ። ግን መቆምም አይቻልም። ቅርፊቱ እንዳለ ከተተወ ፊቷ ለዘላለም ተሸፍኖ መቅረቱ ነው። ጠርዙን ይዞ አንድ ጊዜ ሳብ አደረገ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ።

ከዐይኗ በታች ያለው ፊቷ እንዳለ ከቅርፊቱ ጋር ወጣ። አፍንጫዋ ቅርፊቱ ውስጥ ቀርቷል፤ ከንፈሯ ግማሹ ወዲህ፣ ግማሹ ወዲያ ነው። አግዳሚው ላይ የተኛችው ልጅ ከዐይኗ በታች ቃጫና ነጭ ስባሪ ሆነች።

ሰፊዋ ከመሬት የወደቁትን ቁርጥራጮች እየለቀመች ቀሚሷ ላይ ማድረግ ጀመረች።

ጀሶ የቅርፊቱን ውስጥ ወደ መስኮቱ አዙሮ አየው። ግንባሩ ላይ ቅባቱ እንዳለ ያበራል። ጉንጭ፣ አፍንጫና አፍ ያለበት ግን ደብዛዛ ነው፣ ደረቅ ነው። ቅባት እዚያ አልነበረም። እንዴት ሊሆን ይችላል? በገዛ ጣቶቹ ቀብቶታል፣ ጎንበስ ብሎ አይቶታል። ዘወር ሲል አግዳሚው ጫፍ ላይ የታጠፈውን ሻርፕ አየ። ቅባቱ ጨርቁን አልፎ ወጥቷል፤ በቅባቱ መሃል የልጅቷ ጉንጭ የተቀባበት ቀለም ትንሽ ነክቶታል።

ሁሉንም ነገር አንድ ላይ አወቀው።

«ለምን ተሰበረች?» አለች ሰፊዋ ከወለሉ ላይ ሆና። ድምፅዋ እንደ ልጅ ነበር። «ምንም አይነካትም ብለኸኝ ነበር እኮ። ቅባት ካለ ብለኸኝ ነበር።»

ጀሶ ሻርፑን አነሣና ጨምድዶ ኪሱ ከተተው።

«ቅባቱን አሳነስኩት» አለ። «እጄ አርጅቷል።»

በማግስቱ ነጋዴው ቤት የሄደው ብቻውን ነው። ኃላፊዋ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ከዚያ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ምነው ያኔ በነገሩኝ?» አለችው። «የእሷን እተወው ነበር እኮ። ሦስቱን ብቻ አደርግ ነበር። ምን ይከብደኝ ነበር?» ጀሶ «ልክ ነሽ» አለና ቆቡን አድርጎ ወጣ። ለስላሳውን ራስ ሠርቶ ጨረሰ፤ ቦታዋ ላይ አስቀመጣት። የመክፈቻው ዕለት እንግዶቹ እንደታሰበው ልብሱን አዩ፣ ስፌቱን አደነቁ፤ የሰፋችው ሴት ግን አልመጣችም።

ስባሪዎቹን ሊገጥማቸው ሞክሯል። ሙጫ አለ፣ ትዕግሥቱም አለው። ግን የተጣበቀው ክፍል ከቅርፊቱ አይለይም፤ የሚለየው ተፈጭቶ ብቻ ነው። ሰፊዋ ስባሪዎቹን በጨርቅ ቋጥራ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጠቻቸው፤ ዳግም እንዳይነካቸውም ነገረችው።

«ሻርፔን የት አደረግከው?» አለችው በዚያ ሰሞን።

«ጀሶ ነክቶት ነበር። ጣልኩት።»

«እሱንም?» አለች።

ወንድሟ ሹፌሩ ነገሩን ሲሰማ ኩርፊያውን ትቶ መጣ። ጀሶን ብቻውን አገኘው። «ሠላሳ ዓመት የሠራህበትን ቅባት ታሳንሳለህ? እኔ የዘይት መጠን ጠፋኝ ብልህ ታምነኛለህ?» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ጀሶም «ሰው ይሳሳታል፤ አንተንም ሌባ ብዬሃለሁ» አለው። ሹፌሩ ሊስቅ ፈልጎ ሳይስቅ ቀረ።

ዝናቡ ሲያባራ ሰፊዋ እንደገና መውጣት ጀመረች። ነጋዴው ቤት አትሄድም፤ ወደ ሸክላ ሙዚየሙ ነው። ጀሶ አሁን አብሯት ይሄዳል። እሷ ና አላለችውም፣ ቅርም አላለችውም። አውቶቡስ ውስጥ እሷ በመስኮቱ በኩል፣ እሱ ከኋላዋ ወንበር ይቀመጣሉ።

ሙዚየሙ አንድ ሰፊ ክፍል ነው። መሃል ላይ አሮጊቷ ጭቃዋን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ የተሸበሸበ ፊት፣ ከፊቱ ጋር የማይሄዱ ለጋ እጆች። ሰፊዋ ከገመዱ ወዲህ ቆማ እጆቹን ብቻ ታያለች። አንድ ቀን ሁለት ወጣት ጎብኚዎች አጠገቧ ቆሙ። አንደኛዋ ለጓደኛዋ «እጇን እይው፣ የአሮጊት አይመስልም» አለች።

«የልጄ ነው» አለች ሰፊዋ።

ልጅቷ ዞር አለች። «የእውነት? ልጅዎ ነበረች ሞዴሏ? ፊቷስ፣ ፊቷም አለ እንዴ?»

«ነበረ። ከተማ፣ መስኮት ሥር ነበረች።» ሰፊዋ በአገጯ ወደ ባሏ ጠቆመች። «እሱ ሰበረው።»

ወጣቶቹ ጀሶን አዩት፤ ቀልድ ነው እስኪላቸው የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር።

«እውነቷን ነው» አለ ጀሶ። «ቅባት አሳንሼ ነው።»

ልጅቷ «አይዞዎት» አለችው፤ ጓደኛዋን በክንዷ ይዛ ወደሚቀጥለው መደርደሪያ አለፈች። ሰፊዋ ፊቷን ወደ እጆቹ መለሰች። ከእጆቹ ጋር ብቻዋን እንድትሆን ጀሶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለላት።